የአባት ስም በልብስ ላይ

ሰው ስሙን ራሱ አያወጣውም። አባቶቻችን «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲሉ፥ ስም የተቀበልነው አደራ እንጂ ደክመን ያፈራነው ሀብት አለመሆኑን ማመልከታቸው ይመስለኛል።

ባለፈው ክረምት ቀድሞ በቆላ ድባ ያስተማርኳት አንዲት ልጅ ቤቴ ድረስ መጥታ ምክር ጠየቀችኝ። አባቷ ሸማኔ ነበሩ። የእጃቸው ጋቢ ሳይሳሳ ብዙ ዘመን ይቆይ ስለ ነበር ገበያተኛው ሁሉ በስማቸው ያውቀው ነበር፤ ነገር ግን ጋቢውን የሚያመሰግነው ያው ሰው «ሸማኔ» የሚለውን ቃል ለስድብ ይጠቀምበት ነበር። እርሳቸው ካረፉ ወዲህ ልጃቸው በባሕር ዳር የአገር ልብስ ታሰፋለች። አሁን ገንዘብ ያለው ሸሪክ አግኝታለች፤ እርሱም «ልብሱን በአባትሽ ስም እንሰይመው፤ ምልክቱም በማኅበሩ ስም ይመዝገብ» ብሏታል። «ጋሼ፥ ይህ አባቴን ማክበሬ ነው ወይስ መሸጤ?» አለችኝ።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ለእያንዳንዱ ሰው ከግል ስሙና ከአባቱ ስም ሌላ የቤተ ዘመድ ስም ደንግጎለት ነበር፤ ሕዝቡ ግን ይህን አልለመደውም። ስለዚህ ፈረንጁ በልብሱ ላይ የሚጽፈው የዘር ስም ሲሆን፥ እኛ የምንጽፈው የአንድ ሰው፥ ይኸውም የአባታችንን ስም ነው፤ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም እኩል ይጠሩበታል። በሌላ በኩል በ1998 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 ለተመዘገበ ምልክት የሰባት ዓመት ጥበቃ ይሰጣል፤ ጥበቃውም ይታደሳል፤ ምልክቱ ግን እንደ ማናቸውም ንብረት ለሌላ ሊተላለፍ ይችላል።

ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ አንዲት እንግሊዛዊት አይታዋለች። ኤልሳቤጥ ኢማኑኤል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 ለልዕልት ዲያና ሠርግ የተለበሰውን ቀሚስ ከባሏ ጋር የሠራች ናት። በኋላ ድርጅቷን ከነስሟ ለሌሎች አስተላለፈች፤ ከሥራውም ወጣች። በ2006 የአውሮፓ ፍርድ ቤት፥ እርስዋ በልብሱ ሥራ አለመኖርዋ ብቻ ምልክቱን ለማስቀረት አይበቃም ሲል ፈረደ። ስሟ ገበያ ላይ ቀረ፤ እርስዋ ግን አልነበረችበትም።

የአገራችን ልጆች ሌላ መንገድ አሳይተውናል። በ1954 በአዲስ አበባ የተወለደችው አምሳለ አበራ፥ ለራስዋ ሠርግ ያማረ ግን ቀለል ያለ ቀሚስ አጥታ ራስዋ ነደፈችው፤ በ1986 በኒው ዮርክ የሠርግ ልብስ ሥራ ስትጀምርም ሥራውን «አምሳለ» አለችው። እስከ ዐረፈችበት እስከ 2018 ድረስ ለስሙ ራስዋ መልስ ትሰጥ ነበር። ሊያ ከበደ ደግሞ ስሟ በዓለም የታወቀ ሳለ፥ በ2007 የኢትዮጵያ ሸማኔዎች የሠሩትን ልብስ ለገበያ ስታወጣ «ለምለም» የሚለውን ቃል መረጠች።

እንግዲህ ለልጅቱ የመለስኩላት ይህን ነው፦ «ልጄ፥ በሕይወት ሳለ በሙያው የተናቀን ሰው ስም በክብር መጻፍ መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ስም በልብስ ላይ ሲጻፍ ዋስ ይሆናል። ነገ ሸሪክሽ በማሽን የታተመ ጥለት በእጅ የተሸመነ ነው ብሎ በአባትሽ ስም ቢሸጥ፥ ሙት ተነሥቶ አይክድም። ስለዚህ በመጀመሪያ እኅት ወንድሞችሽን አስፈቅጂ። ስሙ ለምዝገባ የሚበቃ መሆኑንም ከአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጠይቂ። ከዚያም ምልክቱን በራስሽ ስም አስመዝግቢና ለማኅበሩ የመገልገል ፈቃድ በውል ስጪው፤ ከሥራው በወጣሽ ጊዜ ስሙ ካንቺ ጋር እንዲወጣ ይጻፍ።»

«ሸሪኬ እምቢ ቢልስ?» አለች።

«እንግዲያው ሌላ ቃል ፈልጉ፤ አማርኛ ቃል አላነሰውም።»

ቡናዋን ሳትጨርስ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ተቀመጠች፤ ገንዘቡ እንደሚያስፈልጋት አውቃለሁና አልፈረድኩባትም። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ አንተም ስምህን በሥራህ ላይ ልትጽፍ ብዕር ባነሣህ ጊዜ፥ ሥራው ቢበላሽ ቀርበህ መልስ የምትሰጥበት መሆንህን አስቀድመህ ጠይቅ። መልስ በማትሰጥበት ሥራ ላይ የራስህንም ሆነ የአባትህን ስም አታኑር።