ፎርፌ ስለ መስጠት

የዝናቡ ወራት እየቀረበ ነው። በገዳሪፍ ምድር የሰነበተ ሁሉ እንደሚያውቀው ይህ ጥቁር ዋልካ አፈር በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ሁለት ሦስት ዝናብ የጣለበት እንደ ሆነ ደግሞ ጫማ የሚነጥቅ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ የሠፈራችን የኳስ ውድድር የሚያልቅበትን ቀን የሚወስነው ከኮሚቴው ይልቅ ሰማዩ ነው። ዘንድሮም ጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ቀርተው ሳሉ ደመናው መታየት ጀምሯል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ሰሞን አንድ ክርክር ተነሥቷል። ክርክሩ ከኳስ ሜዳው አልፎ በየሻይ ቤቱና በውኃ ወረፋ ላይ ሲሰማ ስለ ሰነበተ፣ እኛም በዚህች በእጅ በምትገለበጥ ወረቀታችን ጥቂት ልንለው ወደድን። ነገሩ እንዲህ ነው። በሰንጠረዡ መካከል የሚገኝ አንድ ቡድን አለ፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ከዋንጫው ርቋል፤ ከመጨረሻውም ደረጃ ርቋል። የቀሩትን ሁለት ጨዋታዎች ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ለርሱ የሚለወጥለት ነገር የለም። ከተጫዋቾቹም ግማሽ ያህሉ ጎሕ ሲቀድ በሎሪ ተጭነው ለእርሻ ምንጠራ ይሄዳሉ፤ የሚመለሱት ማታ ነው፤ አንዳንዶቹም እዚያው ያድራሉ። እንግዲህ ከቡድኑ ሰዎች አንዳንዶቹ «ፎርፌ ሰጥተን እንገላገል» ይላሉ። ጥያቄው ይህ ነው፦ የሚያገኘውም የሚያጣውም ነገር የሌለው ቡድን የመጨረሻ ጨዋታውን የመጫወት ግዴታ አለበትን?

በመጀመሪያ ፎርፌ ይሰጥ ለሚሉት የሚገባቸውን ክብር እንስጥ። የምንጠራ ሥራ ዓመቱን ሙሉ አይገኝም። ዝናቡ ከጣለና ትራክተሮቹ ሰሊጥና ማሽላ መዝራት ከጀመሩ እስከ አረሙ ድረስ ሥራው ይቀንሳል። ከሑመራ በኩል የመጣ ሰው ይህን ከኛ ይበልጥ ያውቀዋል፤ ሰሊጥ ቀን አይጠብቅም። የልጆች አባት የአንድ ቀን ደመወዙን ትቶ ኳስ እንዲያባርር መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም። ራቱን ያላገኘን ሰው ስለ ግዴታ ማስተማር ለመምህር የሚቀልለው ሥራ ነው፤ እኛም ከመምህራን ማሠልጠኛ የወጣን ስለ ሆንን ይህን ፈተና በደንብ እናውቀዋለን። ስለዚህ የእንጀራውን ምክንያት ለጊዜው ወደ ጎን እናቆየውና በኋላ እንመለስበታለን። በቅድሚያ የምንመረምረው ሁለተኛውን ምክንያት ነው፤ ይኸውም «ለኛ የሚለወጥ ነገር የለም» የሚለውን።

ይህ አባባል እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ለነርሱ የሚለወጥ የለም። ለሌላው ግን አለ። ፎርፌ በደንቡ 3 ለ 0 ሆኖ ይመዘገባል። ነጥቡንና ሦስቱን ግብ የሚወስደው ተጋጣሚ ቡድን ለሁለተኛ ደረጃ ከሌላ ቡድን ጋር አንገት ለአንገት ተያይዟል፤ ያም ሌላው ቡድን ዘግይተው የመጡት ልጆች ያቋቋሙት ነው። እነዚያ ልጆች ያንኑ የመካከለኛውን ቡድን በተገናኙ ጊዜ ዘጠና ደቂቃ ላባቸውን አፍስሰው 1 ለ 0 ነው ያሸነፉት። አሁን ተቀናቃኛቸው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሮጥ ሦስት ግብ ሊሰጠው ነው። ፎርፌ «መስጠት» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። ሰጪው ከራሱ ኪስ ምንም አያወጣም፤ የሚሰጠው የሦስተኛውን ሰው ነው። ያ ሦስተኛ ሰው ደግሞ በስጦታው ሰዓት በሜዳው ላይ የለም።

ይህ ነገር በትልቁ ዓለም ደርሶ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ በስፔን ሲደረግ አልጄሪያ ምዕራብ ጀርመንን 2 ለ 1 አሸንፋ ዓለምን አስደነቀች። የመጨረሻ ጨዋታዋንም ሰኔ 24 ቀን ከቺሊ ጋር አድርጋ 3 ለ 2 ረታች። በማግሥቱ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ በሒሆን ከተማ ተገናኙ። ውጤቱ ሁሉ በፊታቸው ተጽፎ ስለ ነበር ምን እንደሚበጃቸው ያውቁ ነበር፤ ጀርመን በአንድ ወይም በሁለት ግብ ብታሸንፍ ሁለቱም ያልፋሉ፣ አልጄሪያ ትወድቃለች። በ10ኛው ደቂቃ ህሩቤሽ ለጀርመን አገባ። ከዚያ በኋላ፣ በተለይም ከዕረፍት ወዲህ፣ ኳሷ ከተከላካይ ወደ ተከላካይ፣ ከተከላካይ ወደ በረኛ ስትመላለስ ዋለች። የአልጄሪያ ደጋፊዎች ከመቀመጫቸው ሆነው የወረቀት ገንዘብ እያውለበለቡ ጮኹ። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ። አልጄሪያ ክስ አቀረበች፤ ፊፋ ግን የተጣሰ ደንብ የለም ብሎ አልተቀበላትም። በእርግጥም አልነበረም። ኳስን ወደ ኋላ ማቀበል በዚያን ጊዜ የሚከለክለው ሕግ የለም። ከዚያ ወዲህ፣ ከ1986 ጀምሮ፣ የየምድቡ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲጀመሩ ተደረገ። ሕጉ የተለወጠው ሕግ ባልተጣሰበት በደል ምክንያት መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። እኛ ሠላሳና አርባ ልጅ በምንይዝ ክፍል ስናስተምር ያየነውም ይህንኑ ነው፤ የክፍሉን ደንብ አንድም ሳይጥሱ ጓደኛቸውን የሚያስለቅሱ ልጆች አሉ።

ከአገራችንም ምሳሌ አለ። በ2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ሻምፒዮና እስከ መጨረሻው ቀን ሳይለይ ቆይቶ መቀለ 70 እንደርታ ፋሲል ከነማን በአንድ ነጥብ ብቻ በልጦ ዋንጫውን ወሰደ። ሠላሳ ጨዋታ ተደርጎ አንድ ነጥብ! ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ቀን ነው። ሆኖም ያች አንዲት ነጥብ ምናልባት በዓመቱ አጋማሽ፣ ማንም ልብ ባላለው ቀን፣ ዋንጫ የማይመኝ አንድ መካከለኛ ቡድን እስከ ዘጠናኛው ደቂቃ ተከላክሎ አቻ ያወጣባት ልትሆን ትችላለች። ያ ቡድን ለራሱ ያገኘው ትርፍ ጥቂት ነው። ያለ ርሱ ግን የአንደኛው አንደኝነት ትርጉም አይኖረውም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ያነሣብንም ጎረቤታችን የሆነ ቀልደኛ ሰው ነው። «ይህ ሁሉ የሚሠራው ሒሳቡ መጨረሻ ላይ በሚታሰብበት አገር ነው» አለን። እውነቱን ነው። ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ2012፣ ሊጉ በወረርሽኙ ምክንያት በመካከል ተሰረዘ፤ ሻምፒዮንም ወራጅም አልተባለም። የገባው ግብ ሁሉ እንዳልገባ ሆነ። በ2013 ሊጉ ሲጀመር ደግሞ ጦርነቱ መጥቶ መቀለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ ከሜዳው ቀሩ፤ ወደ ሊጉ የተመለሱት በ2017 ነው። በዚያው 2013፣ ኅዳር ወር ላይ፣ ይህ ኡም ራኩባ በ1977ቱ ረኀብ ጊዜ ስደተኛ እንደ ተቀበለ ሁሉ እንደገና ተከፈተ። ብዙዎቻችን የመጣነው ያኔ ነው። እንግዲህ ጎረቤታችን እንዲህ ይላል፦ «ትልቁ ሊግ እንኳ በብዕር የሚሰረዝ ከሆነ፣ ሰሊጡን ዘርተን ሳናጭድ የተነሣን ሰዎች ከሆንን፣ የአንድ የሠፈር ውድድር የመጨረሻ ጨዋታ ምን ዋጋ አለው?»

ይህን ተቃውሞ አቅልለን አናየውም። በልባችን ውስጥም አለ። ዘወትር ማታ ይመጣል። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ያምታታል። ሥራው በሌላ እጅ የተቋረጠበት ሰውና ሥራውን በገዛ እጁ ያቋረጠ ሰው አንድ አይደሉም። እኛ የክፍል መዝገባችንን ግማሹን ሞልተን ግማሹን ባዶ ትተን የወጣን መምህራን ነን፤ የፈተናውን ውጤት ሳናስገባ የቀሩ ስሞች እስካሁን በአእምሮአችን ይመጣሉ። ያን ያደረግነው ወደን አይደለም። በመቋረጥ የተጎዳ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንዱ፣ ሁሉም ነገር መቋረጡ ካልቀረ ልጨርስ ብዬ ምን እደክማለሁ ማለት ነው። ሌላው፣ ቢያንስ በእጄ ያለውን በእጄ አላቋርጥም ማለት ነው። የመጀመሪያው ለሚያስበው ሰው ብልሕነት ይመስለዋል፤ እኛ ግን ጦርነቱ በውስጣችን ገብቶ ሥራውን የሚቀጥልበት በር ነው እንላለን።

የጀርመኑ ፈላስፋ ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ እንግዳ ምሳሌ ያነሣል። በአንድ ደሴት የሚኖር ሕዝብ ተስማምቶ ወደ ዓለም ሁሉ ሊበተን ቢወስን እንኳ፣ ከመበተኑ በፊት በወህኒ ያለው የመጨረሻው ነፍሰ ገዳይ ፍርዱን መቀበል አለበት ይላል። የሞት ፍርዱን ነገር አንወደውም፤ ምሳሌው ግን ለኛ የተሠራ ይመስላል። የምንበተን ሰዎች ነን። አንዱ ለመልሶ ሠፈራ ይጠራል፣ አንዱ ሌሊት ወደ ሊቢያ መንገድ ይነሣል፣ አንዱ ወደ አገሩ ይመለሳል። ነገ የሚነሣ ሰው የዛሬ የሻይ ዕዳውን ይከፍላልን? ባለ ሻይዋ ዳግመኛ አታየውም፤ የሚከስሰውም የለም። የሚከፍሉ እንዳሉ ግን እናውቃለን፤ ንጋት ላይ ሎሪ ከመሳፈራቸው በፊት ድንኳኗን አንኳኩተው የከፈሉ አሉ። ባለ ሻይዋ ስማቸውን እስካሁን ትጠራለች።

የአስተናጋጆቻችንንም ነገር እንይ። በሱዳን ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ከተነሣ ወዲህ የኦምዱርማኖቹ አል ሂላልና አል መሪኽ እንደኛው ተሰደዱ። በ2024/25 የሞሪታኒያ ሊግ እንግዳ አድርጎ ተቀበላቸው፤ የሊጉ ዋንጫ ግን የአገሬው ነው ተባለ። ሂላል ይህን እያወቀ ተጫውቶ የሰንጠረዡን አናት ያዘ፤ ዋንጫው ለኑአዲቡ ተሰጠ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ወደ ሩዋንዳ ሊግ ሄዱ። በሻይ ቤቱ ያሉት የገዳሪፍ ሰዎች ይህን ሲያወሩ «ለማይሰጠን ዋንጫ ደከምን» ሲሉ አልሰማንም፤ «አንደኛ ወጣን» ነው የሚሉት። በእርግጥ ለሂላል ደመወዝ ይከፈላል፤ ለኛ ተከላካዮች አይከፈልም። ማነጻጸሪያው እዚህ ላይ ያነክሳል።

አሁን ወደ እንጀራው እንመለስ። እኛ ፎርፌ ሁሉ ነውር ነው አንልም። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ እ.ኤ.አ. በ1957 እዚሁ ሱዳን፣ በካርቱም ሲደረግ፣ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም ስላለች ከውድድሩ ወጣች፤ ልትገጥማት የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች። በፍጻሜው ግብፅ 4 ለ 0 ረታችን፤ አራቱንም ያገባው አድ-ዲባ ነው። ያ ያልተደረገ ጨዋታ ማንንም አያሳፍርም፤ ምክንያቱ በአደባባይ ለሁሉም ፊት የሚነገር ነበርና። ይህ ለኛም ጥሩ መመዘኛ ይመስለናል። ጨዋታውን የምንተውበትን ምክንያት ለሦስተኛው ቡድን፣ ለእነዚያ ዘግይተው ለመጡት ልጆች፣ ዓይናቸውን እያየን ልንነግራቸው እንችላለን? «ልጆቼ የሚበሉት የላቸውምና ሎሪው ላይ መውጣት አለብኝ» ማለት ይቻላል። ልጆቹም ይገባቸዋል፤ አባቶቻቸው በዚያው ሎሪ ላይ ናቸው። «ለኛ የሚረባን ነገር ስለሌለ ያንተን ድካም ለሌላ ሰጠነው» ማለት ግን አይቻልም።

ደግሞም አንደኛው ምክንያት ወደ ፎርፌ አያደርስም። አሥራ አንዱም ለምንጠራ አይሄዱም። የኳስ ሕግ አንድ ቡድን ቢያንስ ሰባት ተጫዋች ካለው ጨዋታው ይጀመር ይላል፤ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰው ማግኘት አይቸግርም። ይሸነፋሉ፤ ምናልባትም ከ3 ለ 0 በበለጠ ይሸነፋሉ። ይህም ሦስተኛውን ቡድን ከፎርፌው ይበልጥ ሊጎዳው እንደሚችል አንክድም። ነገር ግን በስምንት ሰው ታግለው የተቆጠረባቸው ግብ ማንም «ተሸጠ» የማይለው ግብ ነው፤ ተቀናቃኙም ቢሆን ሮጦ ያገኘው ይሆናል። ከዚህ የተሻለው ደግሞ ቀኑን መለወጥ ነው። ዓርብ ሎሪ እምብዛም አይወጣም። ኮሚቴው ሁለቱን የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ዓርብ ቢያደርጋቸውና ሜዳ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ሁለተኛው ጨዋታ የመጀመሪያው እንዳለቀ ወዲያው እንዲጀመር ቢወስን፣ የምንጠራ ሠራተኞቹ ይጫወታሉ፣ ማንም ደመወዙን አያጣም። ዘግይተው የመጡት ልጆች በሁለተኛው ሰዓት ቢጫወቱ ደግሞ ስንት ግብ እንደሚፈልጉ አውቀው ይገባሉ፤ ይህች ትንሽ ጥቅም ቀድሞ ሊደርስባቸው ለነበረው ጉዳት ብትካስላቸው ቅር የሚለው ያለ አይመስለንም።

ይህን ለኮሚቴው በቃል አቅርበናል፤ መልሱን እንጠብቃለን። የመካከለኛው ቡድን አምበል ማክሰኞ ማታ ከምንጠራ ሲመለስ አነጋግረነው፣ ዓርብ ከሆነ አሥር ሰው እንደሚያገኝ ነግሮናል፤ በረኛው ግን እጁን በመጥረቢያ ስለ ቆሰለ ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። ጓንት ያለው ሰው ካለ ለዚህች ወረቀት ገልባጮች ይንገር።