የብብቷን ማን ያንሳላት?

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።» በዚህ ተረት ያልተገሠጸ የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ሥራ ልቀይር ላለ፣ ንግድ ልጀምር ላለ፣ ዲቪ ልሙላ ላለ ሁሉ ይህችን ሴትዮ አምጥተው ፊቱ ያቆሙበታል። ስሟን አናውቅም፣ መልኳን አናውቅም፤ የምናውቀው እጇን ወደ ላይ መዘርጋቷን ብቻ ነው። ከቆጡ ላይ ምን እንዳየች እንኳ ተረቱ አይናገርም። ለልጆቿ ራት የሚሆን ነገር ሊሆን ይችላል። ፍርዱ ግን ካለቀ ቆየ፤ ስግብግብ ናት ተብላለች።

እኔ ፍርዱን መጠርጠር የጀመርኩት ቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ነው። ጨዋታው ከመነሻውም ስለ ቆጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ መምህር፣ አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የወወክማ ማሠልጠኛ፣ ብርዱ ከቤት አላስወጣ ያላቸውን ተማሪዎች የሚያጫውትበት ቢያጣ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች ከአዳራሹ ሰገነት ጠርዝ ላይ ሰቀለ። ሰገነቱ ከወለሉ ሦስት ሜትር ከአምስት ሳንቲም ያህል ከፍ ይል ነበር፤ ሪንጉ ዛሬም ድረስ እዚያው ከፍታ ላይ ነው። ተሰልቶ የተወሰነ ቁመት አይደለም፤ ቆጡ እዚያ ስለነበረ ብቻ ነው። ቅርጫቶቹ ከሥር አልተከፈቱምና ኳስ በገባች ቁጥር ሰው በመሰላል ወጥቶ ያወርዳት ነበር። የኛዋ ሴትዮ መሰላል ቢኖራት ኖሮ ተረቱም ባልተተረተ።

ይኸው ማኅበር አራት ኪሎ ላይም ቤት ነበረው። የሰፈራችን ትልልቅ ሰዎች «ወወክማ» ሲሉ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ወጣትነታቸውን የጠሩ ያህል ነው። እኛ የደረስንበት የሰፈራችን ሜዳ ግን ሲሚንቶው የተሰነጣጠቀ፣ ሪንጉ መረብ የሌለው፣ ሰሌዳው ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ነበር። ከፒያሳ ወደ ታች በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስለነበር ያመለጠች ኳስ ሱቅ በር ሳትደርስ አትቆምም።

እግር ኳስ ለድሃ ልጅ ርኅሩኅ ነው። ካልሲ ውስጥ ጨርቅና ፌስታል ጠቅጥቀህ ሰፍተህ ትጫወታለህ። የካልሲ ኳስ ግን አትነጥርም። ስለዚህ አንዲት እውነተኛ ኳስ ያለችው ልጅ የሰፈሩ ጌታ ነበር። እሱ ተቀያሪ አይሆንም፤ እሱ ሲራመድባት ፊሽካ የለም፤ እሱ ላይ የተሠራ ፋውል ደግሞ ሁልጊዜ ፋውል ነው። የተናደደ ቀን ኳሷን ብብቱ ሥር ወሽቆ ወደ ቤቱ ያቀናል፣ ጨዋታው አለቀ። ተረቱ እንደመከረው የብብቱን አልጣለም። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ብቻውን ከግቢያቸው በር ጋር ሲያናጥራት ይሰማናል፤ በሩ ቆርቆሮ ስለነበር ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። በማግሥቱ ሳንለምነው ይመጣል።

ይህ የልጅ ነገር ነው የሚል ካለ፣ ትልልቆቹም አድርገውታል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 1950 በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ፎርት ዌይን ፒስተንስ ከሚኒያፖሊስ ሌከርስ ጋር ሲጫወት፣ በግዙፉ የሌከርስ ተጫዋች በጆርጅ ማይካን ፊት ኳስ ወደ ሪንግ መወርወሩ እንደማያዋጣው ስላወቀ ይዞ ቆመ። ያዘ፣ ተቀባበለ፣ ሰዓቱን ገደለ። ውጤቱ 19 ለ18፤ ያሸነፈው የያዘው ነው! እዚህ ላይ ተረቱን መካድ አይቻልም። ግን እንዲህ ያለውን ጨዋታ ከፍሎ የሚያይ ማን ነው? እ.ኤ.አ. በ1954 ሊጉ አንድ ሕግ አወጣ፤ ኳሱን የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሪንግ ይወርውር፣ አለበለዚያ ይቀማ። ብብትን የሚከለክል ሕግ በሉት።

የወረወርናት ሁሉ ደግሞ አትገባም። በኛ ሜዳማ አብዛኛዋ አትገባም ነበር። ሆኖም አንድ አጭር ልጅ ነበረን፤ ራሱ ሲወረውር አይቼው የማውቅ አይመስለኝም። ሥራው ሪባውንድ ነው፤ ሳትገባ የነጠረችውን ኳስ መልቀም። ኳሷ ገና አየር ላይ ሳለች ዓይኑን ከሷ ያነሳና ቦታ ይይዛል፤ ወገቡን ለረጅሙ ልጅ ሰጥቶ፣ ክርኑን ከፍቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ። ከማዕዘን የተወረወረች ብዙ ጊዜ ወደ ማዶ እንደምትወድቅ፣ የሪንጉን የኋላ ከንፈር የመታች ርቃ እንደምትነጥር ያውቃል። የላላው ሪንጋችን ደንግ ሲል እሱ ደርሷል። እሱ ከሥር ያለ ቀን ሁላችንም ደፋር ነበርን። የሌለ ቀን ኳስ እጃችን ላይ ትከብዳለች፤ «አንተ ምታ፣ አንተ ምታ» እንባባላለን።

ስለዚህ የሴትዮዋ ጥፋት መንጠራራቷ አይመስለኝም፤ ብቻዋን መሆኗ ነው። ከቤቱ ውስጥ «ወዲህ በይ፣ እኔ ልያዝልሽ» የሚል አንድ ሰው ቢኖር የቆጡም ይወርዳል፣ የብብቷም አይወድቅም። ተረቱን በየሰው ፊት የምናቆም ሰዎች ግን እጃችንን አጣጥፈን ስትጥል እናያለን፣ ከዚያ እንተርታለን።

ይህን አሳቤን የሚፈትን አንድ ሰው አለ። ከሁላችንም የሚበልጥ፣ በ15 ዓመቱ የበር መቃን ዝቅ ብሎ የሚያልፍ ልጅ ነበር። አሜሪካ በኳስ ያስተምራሉ የሚል ወሬ ሰማና ትምህርቱን እርግፍ አድርጎ ከማለዳ እስከ ማታ ሜዳ ዋለ። ያወራለት ሰው ደብዳቤ አልጻፈለትም፣ አሠልጣኝ አላገናኘውም። እናትየውም የጉሊት ነጋዴ ነበረች፤ ልትረዳው አቅም አልነበራትም። በዚያ በላላ ሪንግ ሲደንክ እናጨበጭብ ነበር፤ ማጨብጨብ ቀላል ነው። ማትሪክ ሳይፈተን ቀረ፣ አሜሪካም ቀረ። እኛ ከሥሩ ቆመን ነበር? አልነበርንም። ስለዚህ እሱም ቢሆን ለአሳቤ ምስክር ነው እላለሁ፤ ምስክርነቱ ግን ደስ አይለኝም።

ሰፈሩ ራሱ ተበትኗል። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ዙሪያ ሲፈርስ ያ ቆርቆሮ በርም አብሮ ሄደ፤ አጭሩ ልጅ አሁን ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው፣ ሦስት ልጆች አሉት።

ይህን ሁሉ ሰሞኑን ለእናቴ ተነተንኩላት። በልጅነቴ ኳስ ልጫወት ስወጣ ተረቱን ከኋላዬ የምትወረውርብኝ እሷ ነበረች። ቡናዋን እየቀዳች እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እሺ ልጄ፣ ከሥር ሰው ይኑርላት» አለች። «የብብቷ እንቁላል ከሆነስ?»