ፊትን አይቶ ልብን መረዳት

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ መጀመሪያ ላይ በሴሎ መቅደስ የሆነ አንድ አጭር ታሪክ እናነባለን (1ሳሙ. 1፥9-18)። ልጅ ያጣችው ሐና በነፍስዋ ተመርራ ወደ እግዚአብሔር ትጸልያለች። ከንፈርዋ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅዋ ግን አይሰማም። በመቅደሱ መቃን አጠገብ በወንበር የተቀመጠው ካህኑ ዔሊ አፍዋን ትክ ብሎ ይመለከታል፤ ሰክራለች ብሎም ይገሥጻታል። ሐና በትሕትና መልሳ ወይን እንዳልጠጣች፣ ልብዋ ያዘነ ሴት እንደሆነችና ሐዘንዋን በአምላክዋ ፊት እንዳፈሰሰች ትነግረዋለች። ዔሊም ተግሣጹን ትቶ ይመርቃታል፤ በሰላምም ያሰናብታታል።

ይህ ታሪክ ሲሰበክ ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ሐና የጸሎት ጽናት ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ዓይናችንን ለጥቂት ጊዜ በዔሊ ላይ እንድናሳርፍ እወዳለሁ። ዔሊ ሐናን ቸል ብሎ አላለፋትም፤ እንዲያውም በጥንቃቄ ተመልክቷታል። ያየውም ነገር ሐሰት አልነበረም፤ ከንፈርዋ በእርግጥ ይንቀሳቀስ ነበር። የሳተው ከማየት ወደ ፍርድ በተቻኮለበት ሰዓት ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፦ የሰው አካል የልቡን ስሜት ይገልጣል ወይስ ይሰውራል? የባልንጀራችንን ሐዘንና ደስታ በእውነት ለመካፈልስ ፊቱን፣ እጁን፣ አረማመዱን ማስተዋል ምን ያህል ይረዳናል?

ይህን ጥያቄ በጥልቀት የመረመረች አንዲት ቅድስት በቤተ ክርስቲያናችን አለች። ኤዲት ሽታይን እ.ኤ.አ. በ1891 ዓ.ም. ያን ጊዜ የጀርመን ግዛት በነበረችው በብሬስላው ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደች። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት በ1915 ዓ.ም. ትምህርትዋን አቋርጣ፣ በአንድ የኦስትሪያ ጦር ሆስፒታል ተላላፊ በሽታ የያዛቸውን ወታደሮች በበጎ ፈቃድ አስታመመች። ሕሙማኑ ከልዩ ልዩ ሕዝቦች የተውጣጡ ነበሩና ሁሉም በአንድ ቋንቋ አይግባቡም ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ አስታማሚ የሕመምተኛውን ጭንቀት የምትረዳው ከግንባሩ መኮማተር፣ ከእጁ አጨባበጥና ከትንፋሹ መቆራረጥ ነው። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1916 ዓ.ም.፣ በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ በፈላስፋው በኤድመንድ ሁሰርል መሪነት የዶክትሬት ጽሑፍዋን አቀረበች። የጽሑፉም ርእስ የሌላውን ሰው የውስጥ ስሜት እንዴት እንደምንረዳ የሚመለከት ነበር። ያን ጊዜ ገና ክርስቲያን አልነበረችም፤ የተጠመቀችው በ1922 ዓ.ም. ነው።

በጽሑፍዋ ውስጥ የሰጠችው አንድ ምሳሌ ማንም ሊረዳው የሚችል ነው። አንድ ወዳጄ መጥቶ ወንድሙ እንደሞተበት ይነግረኛል እንበል። እኔም ሥቃዩን አስተውላለሁ። ምናልባት ፊቱ ገርጥቷል፤ ድምፁም ሰልሏል። ይሁን እንጂ ሥቃዩ ከፊቱ መገርጣት ጋር አንድ አይደለም። እንዲሁም መጀመሪያ የፊቱን መልክ መርምሬ፣ ቀጥዬ እንደ ሒሳብ በማስላት ወደ ሐዘኑ የምደርስ አይደለሁም። ሐዘኑን በፊቱ ውስጥ አየዋለሁ። ሆኖም ሐዘኑ የእርሱ እንጂ የእኔ አይደለም፤ ወንድም የሞተበት እርሱ ነው። የሌላውን ስሜት መረዳት እንግዲህ ከሩቅ ሆኖ መገመት አይደለም፤ የሌላውን ሐዘን የራስ ማድረግም አይደለም። ከባልንጀራ ጎን ቆሞ እርሱ ወደሚያይበት አቅጣጫ መመልከት ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ትምህርት የእኛ ቋንቋ ራሱ ይመሰክራል። የሰው መከራ ሲነካን «አንጀቴን በላው» እንላለን። አንጀት የሚለው ቃል ርኅራኄ በሐሳብ ብቻ የሚኖር ነገር እንዳልሆነ ያመለክታል፤ የሌላው አካል ሲናገር የሚሰማው የእኛም አካል ነውና። ጌታችን በናይን ከተማ በር አንድ ልጅዋን ልትቀብር የምትሄደውን መበለት አይቶ እንዳዘነላት ቅዱስ ሉቃስ ሲጽፍ (ሉቃ. 7፥11-17)፣ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል ሆድ ዕቃን ከሚያመለክት ቃል የተገኘ ነው። ያች ሴት ጌታን ምንም አልለመነችውም። እርሱ ግን አያት፤ ማየቱም በቃው።

እኛ ግን እንደ ጌታችን ልብንና ኩላሊትን የምንመረምር አይደለንም። ኤዲት ሽታይን ራስዋ እንደምታስገነዝበው፣ የፊት መቅላት ከኀፍረት ሊመጣ ይችላል፤ ከቁጣም፣ ከድካምም ሊመጣ ይችላል። ምልክቱ አንድ ሲሆን ምንጩ ይለያያል፤ የትኛው እንደሆነ የምንለየው ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን አገናኝተን ስናይ ነው። ሌላውን ሁሉ በራሳችን ልክ ብቻ የምንመዝን ከሆነ ደግሞ በራሳችን ጠባይ ውስጥ ታስረን እንቀራለን።

ይህ እስራት በመካከላችን በግልጽ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ የለቅሶ ቤት ነው። ደረቷን የምትመታውንና ፊቷን የምትነጨውን ሐዘንተኛ እናዝንላታለን። ጥግ ይዞ ዓይኑን ሳያረጥብ የተቀመጠውን ግን «ምነው፣ አልከፋውም እንዴ?» ብለን እንንሾካሾክበታለን። አንዳንድ ሰው ግን ሐዘኑ ሲበዛበት እንባው ይደርቃል፤ ሌላውም ልጆቹ እንዳይደነግጡ ብሎ ሆዱን በሆዱ ይዞ ይቀመጣል። በራሳችን ልማድ ለክተነው ሐዘኑን ስንክድበት፣ በደረሰበት መከራ ላይ ሌላ እንጨምርበታለን።

ይህን የምጽፈው ከስሕተቱ ነጻ ሆኜ አይደለም። ከብዙ ዓመታት በፊት ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁ ልጆችን አስተምር ነበር። አንድ ቀን አንዲት ልጅ ጸሎተ ሃይማኖትን በቃልዋ እንድትል ጠየቅኋት፤ ዝም አለች። ስቆጣት ፈገግ አለች። ንቀት መሰለኝና ከክፍል አስወጣኋት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አያትዋ ወደ እኔ መጥተው፣ ልጅቱ ስትፈራ ፊትዋ እንዲያ እንደሚሆን፣ በዚያም ሰሞን እናትዋ በጠና ታምማ ስለነበር ሌሊቱን ከአጠገብዋ ሳትተኛ ታድር እንደነበር ነገሩኝ። እንደ ዔሊ ሁሉ እኔም ያየሁት ነገር እውነት ነበር፤ ልጅቱ ፈገግ ብላለች። በፈገግታዋ ውስጥ ያነበብሁት ግን የተነካውን የራሴን ክብር ነበር። ልጅቱን ይቅርታ ጠየቅኋት። እርስዋም እንደገና ፈገግ አለች፤ ያን ጊዜ ምን ማለቷ እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ወሰድሁ።

ከዚህ ሌላ ልናስተውለው የሚገባ ነገር አለ። እኛ የሰውን ፊት ስናይ የራሳችንን ፊት አናይም። አካላችንን ከውስጥ እናውቀዋለን፤ ሌሎች እንዴት እንደሚያዩት የምንማረው ግን ራሳችንን በእነርሱ ዓይን መመልከት ስንጀምር ነው። አንዲት እናት ጭንቀትዋን ልትነግረን መጥታ ዓይናችን ሰዓታችን ላይ ቢያርፍ፣ «እየሰማሁሽ ነው፤ ቀጥዪ» የሚለው ቃላችን ምን ይጠቅማታል? ልጆች ትምህርቱን ከአፋችን ከመስማታቸው በፊት ከፊታችን ይቀበሉታል። ስለ እግዚአብሔር ምሕረት ግንባራችንን ቋጥረን ስናስተምር ልጁ የሚያምነው ግንባራችንን ነው። ስለዚህ የሰውን ገጽታ ማስተዋል የሚፈልግ ሰው በራሱ ገጽታ መጀመር አለበት። ይህም በመስተዋት ፊት ቆሞ ፈገግታን መለማመድ ማለት አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ሰው ቶሎ ያውቀዋል። ፊታችን በሌላው ላይ የሚያሳድረውን ሸክም ማሰብና ልባችንን አስቀድሞ ለእንግዳው ማዘጋጀት ማለት ነው።

ወደ ዔሊ እንመለስ። ዔሊ መሳቱ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር አድርጓል። ሐና ስትናገር አዳመጣት፤ ካዳመጣትም በኋላ ካህን ነኝና አልሳሳትም ብሎ አልጸናም። ፍርዱን ለወጠ። የሌላውን ስሜት መረዳት አንዴ አይቶ የሚፈጸም ሥራ አይደለም። እናያለን፤ ያየነውን ይዘን እንቆያለን፤ እንጠይቃለን፤ ባለቤቱ ሲናገርም እንታረማለን። አካል ለልብ በር ነው፤ በበር የሚገባ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ያንኳኳል።

ኤዲት ሽታይን በ1933 ዓ.ም. በኮሎኝ የቀርሜሎስ ገዳም ገብታ ተሬዛ ቤኔዲክታ ዘመስቀል ተባለች። በ1938 ዓ.ም. መጨረሻ የናዚዎች ስደት ሲበረታ ወደ ሆላንድ ተሻገረች። በዚያም ነሐሴ 1942 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ከእኅትዋ ከሮዛ ጋር ተይዛ፣ በዚያው ወር በአውሽቪትዝ ተገደለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1998 ዓ.ም. ቅድስናዋን አወጁ። ወደ ሞት ከመወሰድዋ በፊት በቬስተርቦርክ ማጎሪያ ሳለች ያዩዋት ሰዎች የተናገሩት ቃል ቀርቶልናል። በዚያ የነበሩ ብዙ እናቶች ከድንጋጤ የተነሣ ደንዝዘው ልጆቻቸውን መንከባከብ ትተው ነበር። ሌላ ሰው ቢያያቸው ልበ ደንዳና እናቶች ናቸው ሊል ይችል ነበር። እርስዋ ግን ልጆቹን አጠበች፤ ጠጉራቸውን አበጠረች፤ ምግባቸውንም አዘጋጀች።

በወጣትነትዋ በዩኒቨርሲቲ የጻፈችው ትምህርት በዚያ ቦታ በእጅዋ ሥራ ሆነ። ውድ ምእመናን፣ ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንቆም፣ ዘወትር «ደኅና ነኝ» ብሎ የሚያልፈውን አንድ ሰው ፊት ቆም ብለን እንመልከት። ከዚያም ስለ እርሱ የገመትነውን ለራሳችን ይዘን፣ እንዴት እንደሰነበተ እንደገና እንጠይቀው፤ መልሱንም እስኪጨርስ ድረስ እንጠብቀው።