አዲስ ዘር በሰው ማሳ

ዛሬ የማነሣው ስለ ሶፍትዌር ነው። ይህን ስል «የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ገጹን እንዳትገለብጡት እለምናለሁ። ጥያቄው ኮምፒዩተር ከመምጣቱ በፊትም የነበረ ነውና። ሰው አዲስ ነገር መሞከሩ ጥፋት የሚሆነው መቼ ነው? ሙከራው ቢከሽፍስ ኪሣራውን የሚከፍለው ማን ነው?

ከሌላ ሰው ጥፋት ብጀምር ይቀለኝ ነበር። ይሁን እንጂ ከራሴ መጀመሩ ይሻላል።

የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ እዚሁ ፓዌ በምኖርበት ሰፈር የአንድ እድር ጸሐፊ ነበርኩ። «የተማረ ልጅ ነው፣ ኮምፒዩተርም ያውቃል» ተብዬ ነው የተመረጥኩት። ከእኔ በፊት የነበሩት ጸሐፊ የአባላቱን ስም፣ የወር መዋጮውንና በለቅሶ ጊዜ የተሰጠውን ርዳታ በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ አስፍረው አስረከቡኝ። የወረቀቱ ደብተር ካለቀ ቆይቷል፤ «ኮምፒዩተሩ ላይ አለ» ተብሎ ሌላ ደብተር አልተገዛም።

በዚያው ወራት የሶፍትዌር ወዳጆች በሚሰባሰቡበት አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ማታ ማታ አመሽ ነበር። አብዛኞቻችን በአካል አንተዋወቅም፤ አንዱ ከባሕር ዳር፣ ሌላው ከአዲስ አበባ፣ ሌላው ከጅዳ ይሆናል። ሥራችን አዲስ የወጣውን እየፈለጉ ማውረድ፣ መጫን፣ ለሌላው ማሳየት ነው። አንድ ምሽት የመዋጮ ሒሳብ የሚይዝ አዲስ አፕሊኬሽን ተለቀቀ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ «ሞከርኩት፣ ግሩም ነው!» የሚለው ጎረፈ። እኔም ከኋላ መቅረት አልወደድኩም። የእድሩን ዝርዝር ወደ ስልኬ ገለበጥኩ፤ ወደ አዲሱ አስገባሁት፤ አሮጌውን ኮምፒዩተር ደግሞ አዲስ ዊንዶውስ ልሞክርበት ብዬ ፎርማት አደረግሁት። ለማንም አልተናገርኩም። ማንስ ምን ይለኛል?

ብዙም ሳይቆይ ባለቤታቸው የሞቱባቸው አንዲት እናት ለእድሩ አስነገሩ። ስልኬን ከፍቼ ስማቸውን ብፈልግ፣ ቁጥሮቹ ተደርድረው ይታያሉ፤ በስሞቹ ቦታ ግን የላቲን ፊደላትና የማይነበቡ ምልክቶች ተዘበራርቀዋል። አሮጌው ዝርዝር የተጻፈበትን የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌር ከስንት ልመና በኋላ አግኝቼ ብመልሰው እንኳ ከፊሉ ፊደል በዝውውሩ ወድቆ ቀርቷል። የማን መዋጮ የማን እንደሆነ መለየት አልተቻለም። ጎረቤቶች ተጠርተው ስለሟቹ መሰከሩ፤ ሰብሳቢያችንም በምስክር ቃል ርዳታው እንዲሰጥ አደረጉ። ይቅርታ ልጠይቅ ለቅሶ ቤት ስሄድ እኒያ እናት ያሉኝን አልረሳውም። «ልጄ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ ያመንኩት ደብተሩን አይደለም፤ አንተን ነው» አሉኝ።

ለመሆኑ ጥፋቴ ምን ነበር? «አዲስ ነገር መውደድህ ነው» ያሉኝ አሉ። አይመስለኝም። «አለማወቅህ ነው» ያሉኝም አሉ። ይህም ሙሉ መልስ አይደለም፤ ሁሉን የሚያውቅ የለምና። ያ ኮምፒዩተርና ያ ዝርዝር የራሴ ቢሆኑ ኖሮ ያደረግሁት ሞኝነት ቢባል እንጂ በደል አይባልም ነበር። በደል ያደረገው የሰው አደራ ላይ ባለቤቶቹን ሳልጠይቅ መሞከሬ ነው። ደስታው የእኔ ብቻ ሆነ፤ ኪሣራው ግን ከነጭራሹ ሙከራ መኖሩን ያልሰሙ ሰዎች ላይ ወደቀ።

ይህ በእድር ጸሐፊ ላይ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስላችሁ። የጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር የያዘ፣ የትምህርት ቤት ውጤት የሚመዘግብ፣ የአባቱን ስልክ «ላስተካክልልዎ» ብሎ የሚቀበል ወጣት ሁሉ እዚሁ መንታ መንገድ ላይ ነው።

ፈተናውም ቀላል አይደለም። እንዲህ ያሉ የትርፍ ጊዜ ማኅበሮች አንድ ባሕርይ አላቸው፤ በብዛት የሚወደሰው የአንድ ነገር የመጀመሪያ ቀን ነው። አዲሱ ሲጫን፣ መልኩ ሲያምር፣ ሲፈጥን ሁሉም ያጨበጭባል። ከስድስት ወር በኋላ ተመልሶ «ያ ያመሰገንነው ነገር እኮ መዝገቤን አልመለሰልኝም» የሚል ግን እምብዛም አይገኝም፤ በዚያን ጊዜ ግሩፑ አሥረኛው አዲስ ነገር ላይ ደርሷል። ቀድሞ የሞከረ ይከበራል፤ ጠብቆ ያየ ግን የሚያከብረው የለም። ስለዚህ ሰው ሳያውቀው መሣሪያውን ለሥራ መጠቀሙን ትቶ መሣሪያ መለወጡን ራሱን ሥራ ያደርገዋል። በዚህ ላይ ክፍያው ተሰብሮ «በነፃ» የሚታደለው አለ። ይህ የሌላ ሰው ድካም ያለፈቃዱ መውሰድ መሆኑ ሳያንስ፣ በውስጡ ምን እንደተጨመረበት የሚያውቀው ያሰራጨው ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ግን ሞካሪዎችን ላወግዝ አይደለም። ቢያንስ እኛ በግዕዝ ፊደል የምንጽፍ ሰዎች ለሞካሪዎች ውለታ አለብን። አሮጌው የእድር ዝርዝር ለምን እንደተዘበራረቀ ብናጣራ ይህንኑ እናገኛለን።

የቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮች አንድ የፊደል ገበታ ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 256 ቦታ ነበር፤ ከዚያም ላይ ለትእዛዝ የተያዘ አለ። የእኛ ገበታ ደግሞ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ አኃዞቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ አይበቃም። ስለዚህ በአገር ውስጥም በውጭም የነበሩ ኢትዮጵያውያን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ብልሃት መፍትሔ ፈለጉ። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ገበታ ከፈለው፤ ሌላው እግሩንና ቅጥሉን ለየብቻ አድርጎ ገጣጠመው። በዚህ ሁኔታ በርካታ የግዕዝ መጻፊያዎች ወጡ። ሁሉም አማርኛ ይጽፋሉ፤ አንዱ የጻፈውን ግን ሌላው አያነብም። አንዱ «ለ» ባስቀመጠበት ቦታ ሌላው «መ» አስቀምጧልና። የእድራችን ዝርዝር የጠፋው በዚህ ነው። በአገሪቱ በየመሥሪያ ቤቱ ከአንዱ መጻፊያ ወደ ሌላው ሲዛወር የተበላሸ ሰነድ ስንት እንደሆነ የቆጠረው የለም።

በአንጻሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» በሚል አሕጽሮተ ስም የታወቀውን ዘዴ አዘጋጁ። ዘዴው አማርኛንና ትግርኛን በላቲን ፊደል ጽፎ በኢሜይል ለመላክ የሚያስችል ነው። ማንም በስልኩ «ሰላም ነው» ብሎ በላቲን የሚጽፍ ይህን ያደርጋል እንዳትሉ። ልዩነቱ፣ በዚህ ዘዴ «ተ» እና «ጠ» አይምታቱም፤ አንዱ በትንሹ ሌላው በትልቁ የላቲን ፊደል ይለያል። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መሄጃ ብቻ ሳይሆን የራሱ መመለሻም አለው። የተላከው ጽሑፍ ሳይዛባ ተመልሶ ግዕዝ ይሆናል። እነዚህም ሞካሪዎች ናቸው፤ ነገር ግን የመመለሻውን መንገድ ሳያበጁ አልሄዱም።

ኋላም እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 የግዕዝ ፊደል በ345 ምልክቶች ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ሦስተኛ እትም ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ «ለ» በየትም አገር ኮምፒዩተር አንድና ያው ቁጥር አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው ስድስተኛ እትም ደግሞ ለጎረቤቶቻችን ለጉሙዞች ቋንቋ መጻፊያ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ፊደላት ተካትተዋል። ልብ በሉ! ይህ ፍሬ የተገኘው የየግል ብልሃትን ትቶ በአንድ የጋራ ነገር ላይ በመስማማት ነው። ሙከራው ባይቀድም ስምምነቱ አይመጣም ነበር፤ ስምምነቱ ባይከተል ደግሞ ሙከራው መዘበራረቅ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «እንግዲያው የሰው አደራ የያዘ ሁሉ አሮጌውን ሙጭጭ ይበል ወይ?» ሊል ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን አይደለም ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ የሚጠይቅ «ዋናክራይ» የተባለ ቫይረስ በብዙ አገሮች ተሰራጭቶ የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ሳይቀር አውኳል። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማስተካከያ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር። «የለመድነው ይሻለናል» ብለው ወይም ችላ ብለው ማስተካከያውን ያልጫኑ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ተጎዱ። ዕዳውን የከፈሉት ግን ቀጠሮአቸው የተሰረዘባቸው ሕመምተኞች ናቸው። ስለዚህ ባለበት መቆምም በሰው አደራ ላይ መወራረድ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው አዲስ ወይስ አሮጌ የሚለው ሳይሆን፣ የሚጎዳው ማን ነው፣ ተጠይቋል ወይ፣ መመለሻ አለ ወይ የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ለማንሣት ከፓዌ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። ፓዌ ራሷ ሙከራ ነበረች። ከ1977ቱ ድርቅ ጋር ተያይዞ ደርግ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሐዲያ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አምጥቶ በዚህ ቆላ አሰፈረ። በኢጣሊያ መንግሥት ርዳታ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተከፈተ፤ ደኑ ተመነጠረ፤ ትራክተር ገባ፤ መንደሮቹም ስም ሳይሆን ቁጥር ተሰጣቸው። ከሰፋሪዎቹ ብዙዎች በወባና በሌላ በሽታ አለቁ፤ ጥለው የሄዱም ነበሩ። የመሬቱ ነባር ባለቤቶች ጉሙዞች ደግሞ ከይዞታቸው ተገፉ። ከዚያም ሥርዓቱ ሲለወጥ ኢጣሊያኖቹ ሄዱ፤ በትራክተር የቆመው የጋራ እርሻም ፈረሰ። በእርግጥ ሆስፒታሉን የመሰለ እስካሁን የሚጠቅም ነገር ቀርቷል። ይሁን እንጂ ሙከራውን ያቀዱት ወደ ቤታቸው የመመለሻ መንገድ ነበራቸው፤ የተሞከረባቸው ግን አልነበራቸውም። የእኔ የእድር ዝርዝር ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም፤ የአስተሳሰቡ ስንፍና ግን አንድ ነው። «እኔ አምኜበታለሁና ለእነሱም ይበጃል» የሚለው!

በዚያው በፓዌ ሌላ ዐይነት ሙከራም አለ። የፓዌ ግብርና ምርምር ማዕከል አኩሪ አተርን የመሳሰሉ ሰብሎች አዳዲስ ዝርያዎች ይሞክራል። አዲሱ ዘር በቀጥታ የገበሬው ማሳ ላይ አይበተንም። መጀመሪያ በማዕከሉ በራሱ መሬት፣ በትንንሽ መደብ፣ ከለመደው ዝርያ ጎን ለጎን ይዘራል፤ ከዓመት ዓመት ይታያል። ከዚያ ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት ገበሬዎች ማሳ ላይ ይፈተናል። በመጨረሻም ተገምግሞ ሲጸድቅ ይለቀቃል። ገበሬውም ቢሆን ብልህ ነው፤ የተወደሰለትን ዘር በማሳው ዳር በጥቂቱ ይሞክራል እንጂ ጎተራውን አራግፎ የቆየ ዘሩን አይሸጥም። «አዲስ አትወድም» ብሎ የሚሰድበው ቢኖር እንኳ ልጆቹ ክረምቱን የሚሻገሩት በዚያ በያዘው ዘር መሆኑን ያውቃል።

ወጣት ወገኖቼ፣ የሶፍትዌር ፍቅር ያላችሁ ሁሉ! ከዚህ ገበሬ ብንማር ምን ይመስላችኋል? በራሳችን ስልክ፣ በራሳችን ኮምፒዩተር የፈለግነውን እንሞክር፤ ይህ ጉጉት የተባረከ ነው፣ ፊደላችንንም ለዚህ ያበቃው እሱ ነው። የሰው አደራ ላይ ስንደርስ ግን እጃችንን እንሰብስብ። «ምን ይሠራል?» ከማለታችን በፊት «የገባውን ይመልሳል ወይ?» እንበል። አዲሱን ከአሮጌው ጎን አስቀምጠን ጥቂት ወራት እንይ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባለቤቶቹን በሚገባቸው ቋንቋ እንጠይቅ። «አይሆንም» ካሉን፣ አላወቁም ብለን ሳንንቅ እንቀበል። ከስድስት ወር በኋላም ወደ ግሩፓችን ተመልሰን የሆነውን በቅንነት እንናገር፤ ሌላው ወንድማችን በእኛ ጭብጨባ ተታሎ የሰው መዝገብ እንዳያጠፋ።

እኔ ዛሬም ማታ ማታ እሞክራለሁ፤ አልዋሽም። የእድሩ ጸሐፊነት ግን በእኔ ፈቃድ ለሌላ ተላልፏል። ከማስረከቤ በፊት ከሰብሳቢያችን ጋር ቤት ለቤት እየዞርን የየአባሉን ስም ከራሱ አፍ እየሰማሁ በወረቀት ደብተር ጻፍኩ፤ ከዚያ በኮምፒዩተር አሰፈርኩት። ሥራው ሁለት ወር ፈጀ። እኒያ እናት ቤት ስንደርስ ስማቸውን ነገሩኝና መጻፌን ቆመው አዩ። ከዚያም «አሁን አንብብልኝ» አሉኝ። አነበብኩላቸው። «እሱ ነው» አሉ።