አማካዩ ሰው የት ይኖራል?

ግንቦት 1 ቀን 1976 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሲካሄድ፣ ቆጣሪው በየደጃፉ እየቆመ ያቀረበው ጥያቄ እጅግ ቀላል ይመስል ነበር፤ ስንት ናችሁ? ይሁን እንጂ ይህ ጥያቄ የሰውን ልጅ ከጥንት ጀምሮ ሲያሳስብ የኖረ የሞራል ጉዳይ ያዘለ ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በማስቆጠሩ መቅሠፍት እንደ ወረደ ተጽፏል። ልጆቹንና ከብቶቹን በቁጥር መናገር የሚከብደው ገበሬም በየአገሩ ገጠር አለ። ይህን ሁሉ ኋላ ቀር እምነት ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ትክክል ግን አይደለም። ሰው አያሌ ዘመናት የተቆጠረው ግብር እንዲከፍል ወይም ለጦርነት እንዲከትት ነበርና፣ ቁጥርን የፈራ ሰው የፈራው ኑሮ ያስተማረውን ነው። «ስታቲስቲክስ» የሚለው ቃል ራሱ በ18ኛው ምዕተ ዓመት በጀርመን ምድር አገልግሎት ላይ ሲውል፣ የተያያዘው መንግሥት ከሚለው ቃል ጋር ነበር። ትርጉሙም ስለ አገረ መንግሥት ሁኔታ የሚደረግ ጥናት ማለት ነበር።

እንግዲህ ጥያቄው መቁጠር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው አይደለም። ያልተቆጠረ ልጅ ትምህርት ቤት አይታቀድለትም፤ ያልተቆጠረች እናት አዋላጅ አትመደብላትም። ጥያቄው ከቆጠራው በኋላ የሚመጣው ነው፤ ብዙዎችን በአንድ ቁጥር መወከል ፍትሕ ነውን? ቢሆንስ እስከ የት ድረስ?

ለዚህ መልስ ለመሻት የሙያውን ጥቂት መሠረታዊ ጽንሰ ሐሳቦች ቀረብ ብሎ መመርመር ይጠቅማል። አሥር አባወራዎች ያሉበት አንድ መንደር አለ እንበል። ዘጠኙ በዓመቱ እያንዳንዳቸው 2 ኩንታል እህል አገቡ፤ አሥረኛው 82 ኩንታል ከመረ። ድምሩ 100 ኩንታል ነው። ለአሥር ሲካፈል 10 ይሆናል። ይህ አማካይ ይባላል። ሪፖርቱም «በመንደሩ በአማካይ አንድ አባወራ 10 ኩንታል አምርቷል» ይላል። በሪፖርቱ ውስጥ አንዲት የሐሰት ቃል የለችም። ሆኖም ያንን መንደር ከዳር እስከ ዳር ቢያስሱት 10 ኩንታል ያገባ አባወራ አይገኝም። አማካዩ ሰው በዚያ መንደር ቤት የለውም።

አባወራዎቹን ካነሰው ወደ በዛው በተራ አሰልፎ መሐል ላይ የቆመውን ቢጠይቁት ግን መልሱ 2 ኩንታል ነው። ይህ መካከለኛ ቁጥር ይባላል። ከሁሉ ይልቅ የሚደጋገመውም እንዲሁ 2 ነው። ሦስቱም ልኬቶች «የመንደሩ ሰው እንዴት ነው?» ለሚል ለአንድ ዓይነት ጥያቄ የተሰጡ መልሶች ናቸው፤ ሦስቱም በሒሳብ ትክክል ናቸው። ከሦስቱ የትኛው ወደ ሪፖርቱ እንደሚገባ የሚወስነው ግን ሒሳብ ሳይሆን ሰው ነው። የሞራል ኃላፊነት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አማካይ በባሕርዩ የማከፋፈል ምናብ ነው። እህሉ ሁሉ በአንድ አውድማ ቢከመርና ለሁሉም እኩል ቢሰፈር ኖሮ እያንዳንዱ ምን ይደርሰው ነበር ብሎ ይጠይቃል። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲሉ ሎሚው በእርግጥ ተከፋፍሎ በየእጁ ገብቷል። አማካዩ ግን ሎሚውን ሁሉ በአንዱ ትከሻ ላይ ትቶ የማካፈሉን ስሌት ብቻ ያሳያል።

ባለሙያዎቹ ይህን ጉድለት አልዘነጉትም። ለዚህም ነው ከአማካዩ ጎን የስርጭት መለኪያ ያቆሙት። እያንዳንዱ አባወራ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ ቢታይ፣ ዘጠኙ በ8 ኩንታል ይጎድላሉ፤ አንዱ በ72 ኩንታል ይተርፋል። ዘጠኝ ጊዜ 8 ደግሞ 72 ነው። ጉድለቱና ትርፉ ሲደመሩ ተጣፍተው ዜሮ ይሆናሉ። ይህም በዚህ መንደር ብቻ ሳይሆን በማናቸውም ስብስብ ሁልጊዜ የሚሆን ነው። በወረቀት ላይ የዘጠኙ ረሃብ በአንዱ ጥጋብ ተካክሷል ማለት ነው፤ በየቤቱ ግን ማንም ማንንም አልካሰም። ስለሆነም እርቀቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣፉ እያንዳንዱ በራሱ ይባዛል፤ የውጤቶቹ አማካይ ይወሰዳል፤ በመጨረሻም ዳግም ሥር ይወጣለታል። በዚህ መንደር ስሌቱ 24 ኩንታል ይሰጣል። መደበኛ ልይይት የሚባለው ይህ ነው። አማካይ 10፣ ልይይት 24! ሁሉም እኩል 10 ኩንታል ያገቡበት ጎረቤት መንደር ቢኖር አማካዩ ያው 10 ነው፤ ልይይቱ ግን ዜሮ ይሆናል። ሁለቱን መንደሮች በአማካይ ብቻ የሚያውቃቸው ባለሥልጣን አንድ ናቸው ብሎ ያስባል፤ እርዳታም ቢሆን ግብር ቢሆን እኩል ይመድብባቸዋል።

ይህ የመንደር ተረት እንዳይመስል ወሎን ማስታወስ ይበቃል። ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. «ድህነትና ረሃብ» በተሰኘው መጽሐፉ የዚያን ዘመን እልቂት ሲመረምር፣ ረሃቡ በከፋበት በ1973 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ አገር አቀፍ ደረጃ ለአንድ ሰው ሲካፈል የሚደርሰው ምግብ ከወትሮው እምብዛም የራቀ እንዳልነበር ተከራከረ። ምርት በወሎ ወድቋል፤ በደሴ ገበያ ግን የእህል ዋጋ የሚጠበቀውን ያህል አልናረም። ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የተጫነ እህልም ነበር። ምርቱ የከሸፈበት ገበሬ፣ ከብቱ ያለቀበት አርብቶ አደር መግዣ አልነበረውምና ረሃቡ ዋጋ ለማናር እንኳ አቅም አጣ። በወሎ የምርቱ መውደቅ የሚገባውን ክብደት በዚህ ትንታኔ አላገኘም ብለው ሴንን የሞገቱ ተመራማሪዎች አሉ፤ ሙግታቸውም በቀላሉ የሚጣል አይደለም። የማያከራክረው ነገር ግን የአገሩ አማካይ ጤነኛ መስሎ ሲታይ በመንገድ ዳር ሰው ይረግፍ እንደ ነበር ነው። አካፋዩ አገሩ ሁሉ በሆነ ጊዜ የአንድ ክፍለ ሀገር ሞት በድርሻው ውስጥ ሰጥሞ ይቀራል። ማን ለማን ይካፈል የሚለው ውሳኔ የሒሳብ ሠራተኛ ተራ ሥራ ተደርጎ መታየቱ እጅግ ያስገርማል።

«አማካዩ ሰው» የሚለውን ሐሳብ ያስተዋወቀው ቤልጅየማዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ነው፤ ዘመኑም 1835 እ.ኤ.አ. ነበር። የሥነ ፈለክ ሰዎች የአንዲትን ኮከብ ሥፍራ ደጋግመው ይለካሉ። ልኬቶቹ ጥቂት በጥቂት ይለያያሉ፤ አማካያቸው ሲወሰድ የእጅና የዓይን ስሕተቶች ተጣፍተው ወደ እውነተኛው ሥፍራ ይቀርባል። ኬትሌ ይህንኑ ዘዴ ወደ ሰው አሻገረ። የ5,738 ስኮትላንዳውያን ወታደሮችን የደረት ልክ አጥንቶ አማካዩን ከ40 ኢንች ጥቂት ዝቅ ብሎ አገኘው፤ በዚያም ተፈጥሮ ልትደርስበት ያለመችውን የሰው አምሳል ያየ መሰለው። የሐሳቡ ስንጥቅ እዚህ ላይ ነው። ከልኬቶቹ በስተጀርባ አንዲት እውነተኛ ኮከብ አለች፤ ከወታደሮቹ በስተጀርባ ግን አንድ እውነተኛ ወታደር የለም። ለኮከቧ ልዩነቱ ስሕተት ነው። ለሰው ልዩነቱ ሰውዬው ራሱ ነው።

ይህ ነጥብ ለኪነ ጥበብ ሰዎችም ሩቅ አይደለም። ኤንግልስ በ1888 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዛዊቷ ደራሲ ለማርጋሬት ሃርክነስ በጻፈላት ደብዳቤ፣ እውነተኛነት በዓይነተኛ ሁኔታ ውስጥ ያሉ ዓይነተኛ ገጸ ባሕርያትን ማሳየት እንደሚጠይቅ ገልጿል። አያሌ ጸሐፌ ተውኔት ይህን ሲያነቡ «ዓይነተኛ»ን በ«አማካይ» ተረጎሙት። ውጤቱም ከወዛደሮች ሁሉ ጥቂት ጥቂት ተቆንጥሮ የተቦካ ወዛደር፣ ከገበሬዎች ሁሉ ተጨምቆ የወጣ ገበሬ በመድረክ ላይ መንጎራደዱ ሆነ። ይናገራል፤ አይተነፍስም። የሃንጋሪው ፈላስፋ ሉካች ዓይነተኛው ከአማካዩ የተለየ መሆኑን አጥብቆ ያስረዳው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሁሉን መቁጠር በማይቻልበት ጊዜ ደግሞ ናሙና ይመጣል። ሊጠና የተፈለገው ስብስብ በሙሉ፣ ሰውም ይሁን በሬ ወይም የፋብሪካ አምፖል፣ በሙያው ቋንቋ እንደ ሕዝብ ይታያል፤ ከእርሱ ተቀንሶ የሚመረመረው ናሙናው ነው። ጤፍ ሸማች የጆንያውን አፍ ብቻ አይቶ አይገዛም፤ ክንዱን እስከ ታች ሰዶ ይዘግናል፤ ነጋዴው ነጩን ከላይ እንደሚያደርግ ያውቃልና። በ1936 እ.ኤ.አ. ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የጆንያውን አፍ አይቶ ገዛ። ከስልክ ማውጫና ከመኪና ባለንብረቶች መዝገብ ላይ ስም እየለቀመ ወደ 10 ሚሊዮን መጠይቅ በተነ፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰብስቦም ላንደን ሩዝቬልትን ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት ከ100 መራጭ የ60ውን ያህል ድምፅ አግኝቶ አሸነፈ። በዚያ የችግር ዘመን ስልክና መኪና የሌለው ሰው በመጽሔቱ ሕዝብ ውስጥ አልነበረም፤ ከተጠየቁትም መልስ ለመላክ የተጉት ከቀሩት የተለዩ ነበሩ። በብዙ እጅ ያነሰ ናሙና ይዞ የተነሣው ጆርጅ ጋሎፕ ግን አሸናፊውን አውቆታል። የብዛት ትምክህት የአመራረጥን አድልዎ አያነጻም።

የዚህ መድኃኒት ዕጣ ነው። ሳይንሱ እዚህ ድረስ ተጉዞ ከእቁብ ሰብሳቢው ጋር መገናኘቱ ደስ ያሰኛል። በእቁብ ዕጣ የሚወጣው ዳኛው ማንን እንደሚወድ አይጠየቅም፤ የሁሉም ስም ተጠቅልሎ እኩል ይናወጣል። በናሙናም እንዲሁ ነው፤ ለእያንዳንዱ የታወቀ ዕድል ሲሰጠው ነው ጥቂቶች ስለ ብዙዎች መናገር የሚችሉት። የሚናገሩትም ግምት ነው። ግምቱ ከእውነቱ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል አብሮ ሲነገር «ስሕተት» ይባላል፤ ይህ ግን የሚያሳፍር ቃል አይደለም። የስሕተቱን ልክ ደብቆ ግምቱን ብቻ እንደ አዋጅ የሚያሰማው ነው ሊያፍር የሚገባው። ደግሞም ዕጣው የሚወጣው በእቁቡ መዝገብ ላይ ለሰፈረ ነው። ስሙ ለሌለ ሰው ዕጣ አይወጣም።

በ1976ቱ ቆጠራ በጸጥታ ምክንያት ቆጣሪ ያልደረሰባቸው የገጠር አካባቢዎች ነበሩ፤ የእነዚያ ነዋሪዎች ቁጥር በግምት ተሞልቶ ነው የአገሩ ሕዝብ 42 ሚሊዮን ገደማ የተባለው። በ1987 ዓ.ም. ሁለተኛው ቆጠራ 53 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው ሦስተኛው ከ73 ሚሊዮን በላይ አስመዘገበ። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. እንዲካሄድ ታቅዶ በተደጋጋሚ ተላለፈ። ከዚያ ወዲህ በየሪፖርቱ የሚጠቀሰው የሕዝብ ብዛት ከቀድሞው ቆጠራ ተነሥቶ የተሰላ ትንበያ ሆነ፤ የነፍስ ወከፍ ገቢውም፣ የሐኪሙና የመምህሩ ድርሻም የሚካፈለው ለዚሁ ለትንበያው ነው። ከሦስተኛው ቆጠራ በኋላ የተወለዱት ልጆች ፊደል ቆጥረው፣ ክፍል ጨርሰው፣ አንዳንዶቹም ሥራ ፍለጋ ከመንደራቸው ወጥተው ሲሄዱ፣ በደጃቸው ቆሞ «ስንት ናችሁ?» ያላቸው ቆጣሪ አልነበረም።