የሦስት ቀን ነፃነት

ለመሆኑ ሰው ነፃ የሚሆነው ከቤተሰቡ ሲርቅ ነው? ጥያቄው ያረጀ ነው ትሉ ይሆናል። ባለፈው ዕረፍት ለሥራ ደሴ ደርሰን እስክንመለስ ለእኛም ያረጀ ይመስለን ነበር። («እኛ» ማለታችን ለትልቅነት አይደለም። ጸሐፊው አንድ ቢሆንም ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው ብለን ስለምናምን ነው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። በትርፍ ጊዜያችን የምንሠራበት መጽሐፍ መደብር የተሸጠውን ሒሳብ ሰብስበን፥ ያልተሸጠውን ቆጥረን እንድንመለስ ለሦስት ቀን ወደ ደሴ ላከን። መንገዱ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሳይነጋ በአውቶቡስ ተነሣን። ደብረ ብርሃንን አልፈን፥ ጣሊያን በወረራው ዘመን በሠራው የጣርማበር ዋሻ ሾልከን ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንወርድ ብርዱም ቀረ፥ ልባችንም ቀለል አለ። «የት ዋልክ? መቼ ትመጣለህ?» የሚል የለም። ማታ ደሴ ላይ በተከራየናት ጠባብ ክፍል በራችንን ዘግተን እስከ እኩለ ሌሊት አነበብን። መብራት አጥፋ ያለን አልነበረም። ይኸው ነው እንግዲህ ነፃነት አልን።

ቤት ግን እናታችን አለች። ዓይኗ ስለደከመ የስኳር መርፌዋን ጠዋትና ማታ የምንወጋት እኛ ነን። ታናሽ እህታችን «ሂድ፥ እኔ አለሁ» አለችን፤ ሄድን። እሷ የማታ ተማሪ ናት። ሦስቱንም ምሽት ከቤት እንዳልወጣች፥ አንደኛውም የፈተና ምሽት እንደነበር የሰማነው ከተመለስን በኋላ ነው፤ ያውም ከጎረቤት።

ፈላስፋው ዣን ፖል ሳርትር እ.ኤ.አ. በ1945 ፓሪስ ላይ ባደረገው ንግግር ስለ አንድ ተማሪው ያነሣል። የልጁ ወንድም በ1940ው የጀርመን ጥቃት ተገድሏል፤ እናቱ የቀራት እሱ ብቻ ነው። ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ከነፃ ፈረንሳይ ኃይሎች ጋር ይሰለፍ ወይስ ከእናቱ ጋር ይቅር? ሳርትር ነፃ ነህና ምረጥ አለው። ክፍል ውስጥ ይህን ስንማር ማጨብጨብ ነበር የቀረን። አሁን ግን አንድ ነገር ይቆረቁረናል። ያ ልጅ ቢያንስ ሚዛኑ በእጁ ነበር፤ ቢሄድ እናቱ ምን እንደምታጣ ያውቃል። የእኛን ሚዛን የያዘችው እህታችን ናት። ዋጋውን ደብቃ ከፈለችልን፥ እኛም ነፃ ሆንን። ዋጋውን ሳያውቁ መምረጥ መምረጥ ነው ወይ?

እርግጥ «እሷም ነፃ ሰው ናት፥ ራሷ መርጣ ነው» የሚል አይጠፋም። እኛም ለራሳችን እንዲሁ ብለን ነበር፤ ግን አልዋጥ አለን። እሷ «እኔ አለሁ» ባትል ኖሮ ማን ሊል ነበር? በየቤታችን እኮ ለሚሄደው ወንድም ቦታውን የምትሸፍን አንዲት እህት አትታጣም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጅና ልጅ፥ ወንድምና እህት በችግር ጊዜ እንዲረዳዱ ያዛል። ማን ይሂድ፥ ማን ይቅር የሚለውን ግን ለእኛው ትቶታል። እኛ ደግሞ ለዝምታ ትተነዋል።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብንላት፥ ቡና እየለቀመች ቀና እንኳ ሳትል «ብነግርህ ትቀር ነበር?» አለች። እንቀር ነበር ለማለት አፋችንን ከፈትንና መልሰን ዘጋነው።

መደብሩ በሚቀጥለው ወር ወደ ጅማ ሊልከን ይፈልጋል። እሺ ከማለታችን በፊት የፈተናዋን ቀን ጠይቀናታል። ገና አልነገረችንም።