ከዛፉ ሥር ያልተጠራችው ልጅ

በ«ድፍረት» ፊልም ውስጥ ጥይቱ የሚተኮሰው ገና ከጅምሩ ነው። የተጠለፈች ልጅ ጠላፊዋን እንደገደለች፣ ለምን እንደገደለችም ተመልካቹ በዓይኑ አይቷል። በሌላ ፊልም ቢሆን ልብ የሚሰቀለው እዚያ ድረስ ነበር። ዳይሬክተሩ ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ግን ዋናውን ጭንቀት ያቆየው ለኋላ ነው፤ ጠመንጃ ለሌለበት፣ የአገር ሽማግሌዎች ከትልቅ ዛፍ ሥር ለተቀመጡበት ቦታ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። የሟች ወገን ደሙን ይጠይቃል፤ ልማዱ ገዳይዋ ሞታ ከሟቹ ጎን ትቀበር ይላል። የልጅቷ አባት የሚያቀርበው ልመና ነው። ካሜራው አይቸኩልም፤ ፊት ለፊት እያየ፣ ዝምታውን እየጠበቀ ይቆያል። ሥርዓቱ ክብር አለው፣ ቃሉም ሚዛን አለው። ተመልካቹን ቀስ እያለ የሚያንቀው ግን ሌላ ነገር ነው፦ የሚነጋገሩባት የ14 ዓመቷ ሒሩት እዚያ የለችም።

ይህን ክፍል ነቀምት፣ ጊምቢ ወይም ደምቢ ዶሎ ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ዛፉንም ሰዎቹንም ያውቃቸዋል። ጃርሰ ቢያ የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች በወለጋ ዛሬም ድንበር ይለያሉ፣ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፣ ደም ያደርቃሉ። የፊልሙ መነሻ የሆነው ታሪክ የተፈጸመው አርሲ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። በእውነተኛው ታሪክ በኦሮምኛ የሚሆነው የሽማግሌዎች ክርክር በፊልሙ ውስጥ አማርኛ ሆኗል። ለወለጋ ተመልካች ይህ ትንሽ ጉድለት አይደለም፤ የጉማ (የደም እርቅ) ንግግር የራሱ አካሄድ፣ የራሱ ምርቃትና ተረት አለውና።

ከሽማግሌዎቹ በፊት የሚመጣው የፈረሰኞቹ ትዕይንትም ቢደጋገም አይሰለችም። ሒሩት ወደ አምስተኛ ክፍል ማለፏን ሰምታ ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ እያመራች ነው። ሜዳው ሰፊ ነው። ፈረሰኞቹ መጥተው ይከቧታል። ጨለማ የለም፣ ጫካ የለም፣ የሚደበቅ ሰውም የለም። ጠላፊዎቹ የሚሸሹት ነገር እንደሌለ ያውቃሉ፤ ፊልሙ የሚያስፈራው በዚህ ነው። ብትጮህ ማን ይሰማታል?

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ይሽከረከራል። ራሷን ለማዳን የገደለች ልጅ ያፈሰሰችው ደም ዕዳ ነው ወይስ አይደለም?

ፍርድ ቤት ለዚህ አጭር መልስ አለው። ሕጋዊ መከላከል ከሆነ ወንጀል የለም፣ ወንጀል ከሌለ ቅጣት የለም። በኦሮሞ የጉማ ሥርዓት ግን ጥያቄው እዚህ አያበቃም። ደም ከፈሰሰ የሁለት ወገኖች ኑሮ ተቆርጧል፤ እርቅ እስኪወርድ አብረው አይበሉም፣ አብረው አይጠጡም። ካሳ ይቆረጣል፣ እርድ ይፈጸማል፣ ደሙ ይነጻል፤ ከዚያ ወዲያ ቂም መያዝ ነውር ነው። ይህን እንደ ኋላ ቀርነት መናቅ ትልቅ ስሕተት ነው። ዳኛው «ነጻ ነሽ» ብሎ መዝገቡን ሲዘጋ፣ የሟች እናትና የገዳይዋ እናት በቀጣዩ ገበያ ሲተያዩ ምን እንደሚሆን አይነግራቸውም። ሽማግሌው የሚጨነቀው ለዚያ ቀን ነው።

ብሉይ ኪዳንም በዚህ ነገር ላይ ብዙ ደክሟል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 35 ሳያስብ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከደም ተበቃይ የሚሸሽባቸው 6 የመማጸኛ ከተሞች ተለይተዋል። ማኅበሩ በገዳዩና በተበቃዩ መካከል ይፈርዳል። ነጻ የተባለው ሰው እንኳ ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ድረስ ከተማዋን ለቆ መውጣት አይችልም፤ ከወጣና ተበቃዩ ካገኘው ደሙ የራሱ ነው። ንጽሕናና ስደት በአንድ ፍርድ ውስጥ ተቀምጠዋል። የፊልሙ መነሻ የሆነችው አበራሽ በቀለ የደረሰባትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታት፤ ሽማግሌዎቹ ግን ከቀዬዋ እንድትርቅ ወሰኑባት፣ ቤተሰቧም ካሳ ከፈለ።

ተመሳሳይነቱ ግን አንድ ቦታ ላይ ይቋረጣል፤ ፊልሙም የሚነካው ይህንኑ ቦታ ነው። በኦሪቱ ሕግ ገዳዩ አስቀድሞ በማኅበሩ ፊት መቆም አለበት። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ በሜዳ ተይዛ በግድ የተደፈረች የታጨች ልጃገረድ ኃጢአት እንደሌለባት ተደንግጓል፤ ምክንያቱም እንደጮኸችና የሚያድናት እንዳላገኘች ይቆጠርላታል። ጩኸቷን ማንም ባይሰማው እንኳ ሕጉ ሰምቶላታል። ከዛፉ ሥር የጎደለው ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ደሙ፣ ስለ ወገኑ፣ ስለ ነገው ሰላም አስበዋል፤ የሰላሙን ዋጋ የምትከፍለውን ልጅ ግን አልጠየቋትም። ያልተጠየቀ ሰው የተሸከመው እርቅ በእግዚአብሔር ፊት እርቅ ነው ለማለት ያስቸግራል።

እነዚህን ምዕራፎች የወለጋ ሰው በቋንቋው እንዲያነባቸው ያበቁት ሁለት ሰዎች ራሳቸው በልጅነታቸው ተሰርቀው የተወሰዱ ነበሩ። ኦነሲሞስ ነሲብ እ.ኤ.አ. በ1869 በባሪያ ነጋዴዎች ተሰርቆ ከጌታ ወደ ጌታ ሲሸጥ ቆይቶ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ ወጣ። አስቴር ጋኖ በ1886 ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ ስትወሰድ የጣሊያን የባሕር ኃይል አስጣላት። ሁለቱም የተማሩት ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ነው። አስቴርም በትርጉሙ ሥራ የኦነሲሞስ ቀኝ እጅ ሆነች። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ታተመ፤ በ1904 ነቀምት ገብተው ማስተማር ጀመሩ። እነሱ የተሰረቁት ለባርነት ነው፣ ሒሩት የተጠለፈችው ለጋብቻ ነው፤ ልዩነቱ መታወቅ አለበት። ነገር ግን በሁለቱም ዘንድ ልጅን ሳይጠይቁ በልጅ ሕይወት የሚዋዋሉ ትልልቅ ሰዎች አሉ። ኦነሲሞስና አስቴር ግን ቀን ወጥቶላቸው ሌሎች ስለ እነሱ ሲናገሩ ከመስማት አልፈው ራሳቸው ተናጋሪ ሆኑ።

በፊልሙ ሜሮን ጌትነት የምትጫወታት ጠበቃም ከወለጋ የራቀች አይደለችም። የገጸ ባሕርይዋ መነሻ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ የተወለዱት አሶሳ ነው፤ ያኔ አሶሳ በወለጋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበረች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን በ1987 ዓ.ም. ከመሠረቱት አንዷ ናቸው፤ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር። ጉዳዩን ሲይዙ በሥራ ላይ የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሕጋዊ ሚስቱ ካደረጋት ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። የመንግሥቱ ሕግ ራሱ ልጅቷን ሳያስጠራ ይፈርድ ነበር ማለት ነው። ይህ አንቀጽ የቀረው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው፤ አንቀጽ 587 ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፣ ጋብቻ መፈጸሙም ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም።

«ድፍረት» በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስና በበርሊን የተመልካች ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ታዳሚው ቦታውን ይዞ ሳለ ግን የፍርድ ቤት እገዳ ደረሰ፤ ዳይሬክተሩም መድረክ ላይ ወጥቶ ዝግጅቱ መቆሙን ተናገረ። ክስ ያቀረበችው አበራሽ ነበረች፤ ታሪኬ ያለ እኔ ፈቃድ ተሠርቷል አለች። እገዳው በኋላ ተነሥቷል። ፊልሙን የሚወዱ ሰዎች ይህን ክፍል እንደ አሳፋሪ ወሬ ቢያልፉት ይበድላሉ። ሽማግሌዎቹ ያልጠሯት ልጅ አድጋ፣ በሌላ ሸንጎ፣ ሳትጠራ መጥታ ቃሏን ሰጥታለችና።